ወደ ላይ የፈሰሰ ቀለም

ሥዕል ተሰርቋል ተብዬ ተጠራሁ። ስደርስ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሏል።

«የቱ ነው የተሰረቀው?»

«እዚህ ጋ የነበረው» አለችኝ ጸሎት፣ ፊት ለፊታችን ያለውን ትልቅ ሸራ እያሳየችኝ።

«እዚህ ጋማ ይኸው አለ!»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ፣ ኢንስፔክተር! የነበረውን ወስደው ይሄን ከጓዳ አምጥተው ሰቀሉበት።»

በፖሊስነቴ ስንት ዓይነት ሌባ አይቻለሁ። ሠርግ ቤት ገብቶ ካሜራ የሚያነሳ አይቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ጫማ የሚቀይር አይቻለሁ። ወስዶ የሚተካ ሌባ ግን በአራዳ ይሄ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

እኔ ኢንስፔክተር አስካለ ወልደሥላሴ ነኝ። የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቤ አንዱ ወደ ለሚ ኩራ፣ አንዱ ወደ ገላን ተበተነ፤ እኔ ግን በየማለዳው በታክሲ እየተጋፋሁ መጥቼ አራዳን እጠብቃለሁ። ሞባይል ነጣቂንና የመዳብ ቀለበት ወርቅ ነው ብሎ የሚሸጠውን በአካሄዱ እለየዋለሁ። በሥዕል ግን መሃይም ነኝ፤ ምን ይደረግ። ፊቴ ያለው ሸራ ቡኒ ነው፣ ዝገት ነው፣ ጥቁር ነው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጣል ያለች ሰማያዊ አለች። ሻይ ተደፍቶበት ነው ብትሉኝ አምናለሁ።

«ረቂቅ ሥዕል ይባላል» አለኝ ረዳቴ ሳጅን ናታን። ናታን ጴንጤ ነው፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ አይዋሽም። በዚህ አመሉ እንዴት ፖሊስ እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል።

ጸሎት የአዳራሹ ባለቤት ናት። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ውቤ በረሃ ያለውን የአያቷን አሮጌ ቤት የመሃል ግድግዳውን አፍርሳ፣ ነጭ ቀብታ፣ የሥዕል ማሳያ አድርጋዋለች። ለእንግዳ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ደግሞ ሰዓሊው ጋሽ ዘርዓብሩክ ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ኮታቸው ላይ ቀለም፣ ጥፍራቸው ሥር ቀለም፣ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ቀለም አለ።

«አይዞዎት ጋሼ» አልኳቸው።

«ገልብጠውታል!»

«ማንን?»

«ሥዕሉን ነዋ! ዘቅዝቀው ሰቅለውታል! እሺ የሚሰርቅ ይስረቅ፤ የሰው ሥራ መዘቅዘቅን ምን አመጣው?»

እኔ ናታንን አየሁት፣ ናታን እኔን አየኝ። ላይና ታቹን በምን እንለየው?

ጋሽ ዘርዓብሩክ ብድግ አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ሸራው አስጠጉኝ። «ቀጭን ቀለም ሲፈስ ወዴት ነው የሚፈሰው?»

«ወደ ታች።»

«እስቲ ይሄን እይው።»

አየሁት። የፈሰሰው ቀለም ሁሉ፣ ቀጫጭን መስመር ሠርቶ፣ ወደ ላይ ይሮጣል። እውነትም ተዘቅዝቋል። ስለዚህ አንድ ነገር ያዝኩ፦ ይሄን የሰቀለው ሰው ሥዕል የማያውቅ ሰው ነው። እንደ እኔ ያለ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሕዝብ ማን ቀረ ታዲያ?

ጋሽ ዘርዓብሩክ የቢቸና ሰው ናቸው። አጎታቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ፤ ቀለም መበጥበጥ ከእሳቸው ተምረው፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ አዲስ አበባ ገቡና ውቤ በረሃ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ፊት መሣል ነው። የሙሽራ ፊት፣ የሟች ፊት፣ የጡረተኛ ሻምበል ፊት። ረቂቁን ለራሳቸው ነው የሚሥሉት፤ የሚገዛው ቀርቶ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸውም የለም። ቅዳሜ ሊከፈት የነበረው ኤግዚቢሽን በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተሰቀሉት ፊቶች ሁሉ የሰፈራቸው ሰዎች ናቸው።

«የጠፋው የማን ፊት ነው?» አልኳቸው።

«የእምሩ። የክርስትና ልጄ ነው። እኔ ወልጄ አላውቅም፤ ልጅ ምን እንደሆነ በእሱ ነው ያወቅኩት። ጅማ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ኔትወርክ የለም አሉኝ እንጂ ይሄኔ ደውሎ ይስቅብኝ ነበር።»

«ሥዕሉ ውድ ነው?»

«ማን ይገዛዋል? ለእናቱ ነው የሳልኩት። የሺዓለም ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ስንት ዘመን በዳበሳ ኖረች። እምሩ ነው ጥሮ ግሮ ያሳከማት፤ የአንዱ ዓይኗ ሞራ ሰሞኑን ተገፈፈላት። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የልጇን ፊት ታያለች ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።» ከዚያ ተቆጡ። «እምሩ ግድግዳው ላይ ከሌለ ቅዳሜ በሩ አይከፈትም። አለቀ!»

ጸሎት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ሰውየው የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው እንደሆኑ ገባኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነው።

የበሩ ጥበቃ ዘነቡ ናት። ምንም ሳልጠይቃት መማል ጀመረች። «በልጆቼ እምላለሁ፣ ከዚህ በር ንቅንቅ አላልኩም! ትናንት የመጣ መብራት ሠሪው ነው፣ አበባ ያመጣችው ልጅ ናት፣ የእድር ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ወንበራቸውን አግብተው ድንኳናቸውን ተሸክመው ወጡ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ወርቅ ሠሪ መጥቶ እዚች ላይ ቆሞ ሽማግሌውን የስድብ ናዳ ሲያወርድባቸው...»

«ቆይ፣ ቆይ። የትኛው ወርቅ ሠሪ?»

«ሚናስ ነዋ!»

ሚናስ አብሮ አደጌ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤቱ ስንገባ ሚዛኑን እየወለወለ ነበር፤ እኔን ሲያይ መወልወያውን ወረወረው።

«ለሽማግሌው ጉዳይ ነው የመጣሽው አይደል? ገና ምኑን ሰደብኩት! ሥዕሌን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«በጎን ነው የሳለኝ! በጎን! አንድ ዓይና አድርጎ! አስኩ፣ አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?»

ናታን ግራ ሲገባው አስረዳሁት። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ተፈጥጦ ይሣላል። ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው በጎን፣ በአንድ ዓይን።

«ሰማህ? ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እኔን ይሁዳ ሆኜ ሊያየኝ! ሚስቴ እንኳ ‘ምን በድለኸው ነው?’ አለችኝ!»

«እና ሥዕሉን ደብቀህ ኤግዚቢሽኑን ልታስተጓጉል አሰብክ» አልኩት።

«ታዲያ ብሰርቅ የራሴን አልሰርቅም? የእምሩ ምን ያደርግልኛል?»

ልክ ነው። ደግሞም ትናንት ከስድቡ በኋላ ሳሪስ ለወንድሙ ልጅ ሽምግልና ሄዶ አምሽቷል። አብረውት የሄዱት ሽማግሌዎች በስልክ አረጋገጡልኝ፤ የልጅቷ አባት «እስቲ እናስብበት» ብለው መልሰዋቸዋል።

«ይሄ ሁሉ ውርደት በአንድ ቀን!» አለ ሚናስ። «ድሮም የውቤ በረሃ ሰዎች ያገሉኛል። ሱቅ እንጂ ቤት የለኝማ! ባለፈው ሳምንት እንኳ አውቶብስ ሙሉ ሆነው ለንግሥ ሲሄዱ ና ያለኝ የለም። ከይሁዳ ጋር ማን ይሄዳል?»

ሳቅኩበትና ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ንግሥ የሚለው ነገር ከነከነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ባልሆንም ንግሥ አይጠፋኝም፤ ባለፈው ሳምንት ሰው አውቶብስ ተከራይቶ የሚሄድበት ንግሥ አልነበረም።

የእምሩ እህት ኤዶም ኬክ ቤት ነው የምትሠራው። ባንኮኒው ጋ ቆመን ማኪያቶ አዘዝን። ናታን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ይሄም አንዱ ጉዱ ነው።

«የወንድምሽ ሥዕል መሰረቁን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች። ድምፅዋ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ጉሮሮሽን ምን ነካው?»

«ጉንፋን።»

«እምሩስ ሰምቷል?»

ስኒው ከእጇ አመለጠና ማኪያቶው ባንኮኒው ላይ ተደፋ። በጨርቅ ጠረገችው። ከጠረገችው በኋላም መጥረጉን አላቆመችም። «ኔትወርክ የለም» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ኢንስፔክተር... ያንን ሥዕል ባይፈልጉትስ?»

«ምን ማለት ነው?»

«እስከ እሁድ ብቻ። እባክዎ።»

ይሄን ብላ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደች። ውጭ ስንወጣ ለናታን «ይቺ ናት» አልኩት። የሰረቀ ሰው እጅ እንደዚያ ነው የሚንቀጠቀጠው። ናታን ግን ተመልሶ የኬክ ቤቱን አለቃ ጠየቀ፤ ኤዶም ትናንት ቀኑን ሙሉ እስከ መዝጊያ ድረስ ከባንኮኒው አልተነቃነቀችም።

እናትዮዋን ሳላይ አላድርም ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ የሺዓለም አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጎ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ማናት?»

«ፖሊስ ነኝ እትዬ። አስካለ እባላለሁ።»

«ሥዕሉን አገኛችሁት?»

«እየፈለግን ነው።»

«ፈልጉልኝ ልጄ። ነገ ዓይኔ ይፈታል። ሐኪሙ አታልቅሺ ብሎኛል፤ አላለቅስም። ሥዕሉን ብቻ ፈልጉልኝ።»

ስለ ልቅሶ ማን አነሳ? አልኩ በሆዴ። ከዚያ የታመመ ሰው ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ስወጣ በር ላይ የእድራቸውን ዳኛ ጋሽ ብርሃኔን አገኘኋቸው፤ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጥተዋል።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ» አሉኝ። የእሳቸውም ድምፅ ተዘግቷል።

«እርስዎም ጉንፋን ነው?»

«ጉንፋን ነው። ሰፈሩን ሁሉ ይዞታል» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ዓርብ ጠዋት ከታክሲ ወርጄ ስሄድ ጎረምሶች መንገድ ዳር ድንኳን ይተክላሉ፤ ሠርግ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ገመዱን ተሻግሬ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ናታን! ዘነቡ ምን ነበር ያለችው? የእድር ሰዎችን በተመለከተ?»

ናታን የሰማውን አይረሳም። «ወንበራቸውን አግብተው ድንኳናቸውን ተሸክመው ወጡ።»

«ጣሪያ ላለው አዳራሽ ድንኳን ምን ያደርጋል?»

ናታን ዞሮ ጎረምሶቹ የሚተክሉትን ድንኳን አየ።

«ሌላ ልጠይቅህ። የሰው ድምፅ የሚዘጋው መቼ ነው?»

«መዝሙር ሲያበዛ።»

«አይ ናታን! እሺ፣ ከመዝሙር ሌላ?»

ትንሽ አሰበና ፊቱ ተለወጠ። «ሲያለቅስ» አለ ቀስ ብሎ።

በቀጥታ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄድን።

ጋሽ ብርሃኔ ይክፈቱ ስላቸው ለምን አላሉም። ቁልፉን አውጥተው ለናታን ሰጡት፤ ከፈተ። ከግዙፎቹ ብረት ድስቶች ጀርባ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ስንፈታው እምሩ አየን።

ፊት ለፊት ነው የተሣለው። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ያልተላጨ ጢም፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፤ ሊስቅ ሲል የያዙት ይመስላል። እንደ እሱ ያለ ሰው መንገድ ላይ ቢያስቆማችሁ ቆማችሁ ትሰሙታላችሁ። እኔ ሥዕል የማላውቀው እንኳ «ሰላም» ልለው ምንም አልቀረኝ።

«መቼ ነው የሞተው?» አልኳቸው።

ጋሽ ብርሃኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ባለፈው ሳምንት። መኪናቸው ተገለበጠ። እዚህ አምጥተን እንዳንቀብረው እናቱ ዓይኗ ታሽጎ ተኝታለች፤ ሐኪሙ ዓይኗ እስኪድን ልቅሶ የሚባል እንዳይነካት ብሏል። ስለዚህ የአባቱ አገር ወሊሶ ወሰድነው። ለንግሥ ነው ብለን አውቶብስ ሙሉ ሆነን ሄድን፣ እዚያ ጮኸን፣ እዚያ ደረት መታን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ ጥቁራችንን አውልቀን ተመለስን።»

«ለጋሽ ዘርዓብሩክስ?»

«እንዴት ብዬ? ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ቀን ናት! ኤግዚቢሽኑ ይለፍለት፣ እሁድ ማለዳ ለሁለቱም እናረዳለን ብለን መከርን። ታዲያ ረቡዕ ወንበር ይዘን ስንገባ እምሩ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ያየናል! ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ከየሺዓለም ጎን ቆሞ ይሄን ፊት አይቶ ማን ሊችል ነው? አንዷ ሴት እህ ካለች በቃ፣ መርዶው ወጣ። ወንበሩን ዝናብ እንዳይመታው በድንኳን ሸፍነን ነበር ያመጣነው፤ ድንኳኑን ፈታንና ልጁን ጠቀለልነው።»

«አውርደው ሊሏቸው አይችሉም ነበር?»

«ለምን ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

እውነታቸውን ነው። «ሌላውንስ ለምን ሰቀላችሁ?» አልኩ።

«ባዶ ግድግዳ ያሳብቃል። እነዚያ ዝገት ዝገት የሚመስሉት ደግሞ ሁሉም አንድ መሰሉን። የእኛ ነገር! አይለየውም ብለን...»

ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዬ መጣ፤ ናታን መሐረቡን ሰጠኝ።

እንግዲህ ወንጀሉ ተገኘ፣ ወንጀለኛውም አንድ ሙሉ እድር ሆነ። ችግሬ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሥዕሉን ብመልስ ጋሽ ዘርዓብሩክ ይሰቅሉታል፣ ቅዳሜ አዳራሹ በልቅሶ ይናጋል። ባልመልስ በሩ አይከፈትም፣ ሽማግሌው የጠበቋት ቀን ትቀራለች። ለምን እንደተወሰደ ብናገር መርዶውን ያረዳሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ፖሊስ ጣቢያ፣ ጠረጴዛ ላይ! ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዘርዓብሩክ ሊጠይቁኝ መጥተው «ተገኘ?» አሉኝ። «ጭላንጭል አለ ጋሼ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ እግሬ እትዬ የሺዓለም ቤት ወሰደኝ። ምን ልል እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ፋሻው ተፈትቷል። በር ላይ ስቆም ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ፖሊሷ አንቺ ነሽ? በድምፅሽ ወፍራም መስለሽኝ ነበር።»

«ኑሮው አከሳኝ እትዬ። እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ሐኪሙ ምን አለ?»

«ድኗል አለ። እንደልብሽ ሁኚ አለኝ። ኤዶም ሱቅ ሄዳለች፤ በሩን ዝጊና ቁጭ በይ።»

ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

«ሥዕሉን ብርሃኔ ነው የወሰደው፣ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እነሱ ዓይኔን ሸፈኑት እንጂ ጆሮዬን ማን ሸፈነው? ልጄ ማታ ማታ ሳይደውል አያድርም ነበር። አንድ ቀን ቀረ። በማግስቱ ሰፈሩ ጭር አለ። ከዚያ ሁሉም ድምፁ ተዘግቶ እየመጣ ያስቀኛል። ኤዶም ደግሞ ጓዳ ገብታ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። ውሃ የጠፋ ዕለት እንኳ ከባልዲ እየቀዳች ታንቧቧለች፣ እንዳልሰማ።»

እጃቸውን ያዝኩ።

«ታዲያ እንዴት ቻሉት?» አልኩ።

«ባለቅስ ዓይኔ ይጠፋል። ዓይኔ ከጠፋ እምሩ በከንቱ ለፋ ማለት ነው። ደግሞም አበልጄ አለ፤ እኔ እሪ ካልኩ ዘርዓብሩክ ይሰማል፣ ሥራውን ጥሎ ይቀመጣል። ይለፍለት ብዬ ዋጥኩት። ብርሃኔም ይለፍላት ብሎ ዋጠው። እንዲህ ስንዋዋጥ ከረምን።» ያልታከመው ዓይናቸው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ የዳነው ግን ጥርት ብሎ ያየኛል፣ ደርቆ። «የልጄን ፊት በቅጡ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። አንዴ በደረቀ ዓይን ልየው። ከዚያ አለቅሳለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም።»

«ጋሽ ዘርዓብሩክስ?»

«ሳያውቅ ሥዕሉ ፊት አይቆምም። ነገ ማለዳ እኔው እሄዳለሁ። ብርሃኔን ጥሪልኝ።»

በሥራዬ ስንቱን አርድቻለሁ፤ በስልክ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ። ቅዳሜ ማለዳ ግን ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነጠላዬን ለለቅሶ አጣፍቼ ስሄድ እንደ ሕፃን እግሬ ይያያዝብኝ ነበር። ከፊት እትዬ የሺዓለም ናቸው፤ የኤዶምን ክንድ ይዘዋል እንጂ መንገዱን የሚያዩት ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች የኪራይ ክፍላቸውን ከፈቱ። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ነጠላ በማለዳ በር ላይ ያየ ሰው ምን ይነገረዋል? ማንም አፉን ሳይከፍት አወቁ። ወደ እትዬ የሺዓለም አዩ።

«እምሩ?»

«አዎ፣ አበልጄ» አሉ። «ልጃችን።»

ጋሽ ዘርዓብሩክ እንዴት እንዳለቀሱ አልጽፈውም። እትዬ የሺዓለም አቅፈው ያዟቸው፤ እሳቸው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው አላለቀሱም። ፀሐይ ከፍ ሲል ጋሽ ዘርዓብሩክ «በሩ አይከፈትም» አሉ። «ዝጉት። ሥራዬም ይቅር።»

«አንተ ቃል ገብተህልኛል» አሉ እትዬ የሺዓለም። «መጀመሪያ የምታይው እሱን ነው ብለኸኛል። ከትናንት ጀምሮ ስንቱን የማይረባ አየሁ፤ ይቺን ፖሊስ ጭምር። አሁን ልጄን አሳየኝ።»

ድንኳኑ በመጨረሻ ለተሠራበት ነገር ዋለ፤ የአዳራሹ ደጅ ላይ ተተከለ። ለኤግዚቢሽን የመጣው ለቅሶ ደረሰ፣ ለለቅሶ የመጣው ሥዕል አየ። እምሩን ናታንና ጋሽ ብርሃኔ ተሸክመው አግብተው ቦታው ላይ ሰቀሉት።

እትዬ የሺዓለም ቀርበው ቆሙ። ብዙ አዩት። ቅንድቡን፣ አፉን፣ የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቀር አዩ።

«ጢሙን ሳይላጭ ነው እንዴ የተሣለው?» አሉ።

«ተላጭ አልኩት» አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ። «መቼ ሰምቶኝ ያውቃል!»

እትዬ የሺዓለም ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረና ያ ሁሉ ቀን የዋጡት ወጣ። ኤዶም ሮጣ አቀፈቻቸው፤ ቧንቧ አላስፈለጋትም። ሰፈሩም አብሮ አለቀሰ፣ ድምፁ የተዘጋውም ሳይቀር። ከልቅሶ ሁሉ እንደዚያ ቀን ያለ የሚያሳርፍ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ቀስ ቀስ እያለ ሰው ወደ ሌሎቹ ፊቶች ዞረ፤ ራሱን ፈለገ፣ ጎረቤቱን ፈለገ፣ ሰፈር የለቀቀውን እየጠራ ይጠያየቅ ጀመር። ለእምሩ ተብሎ የወረደውን ያን የተዘቀዘቀ ሸራ አንስቼ፣ የፈሰሰው ቀለም ወደ ታች እንዲወርድ አድርጌ፣ ባዶ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት።

ቆርቆሮ ነው። የዛገ ጣሪያ በዛገ ጣሪያ ላይ ተደራርቦ፣ ዝናብ እየወረደበት። መሃል ያለችዋ ሰማያዊ ደግሞ ጣሪያ ላይ በድንጋይ የተያዘች ላስቲክ ናት፤ እንዲህ ያለች ላስቲክ አባቴ ቤታችን ሲያፈስ ሸፍኖበት ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ዶሮ ማነቂያ ነው?» አልኳቸው።

«ከመፍረሱ በፊት ጊዮርጊስ ደወል ቤት ወጥቼ አየሁት» አሉ። «ይሄም እኮ ፊት ነው። የሰው ባይሆን የሰፈር።»

መዝገቡን እዚያው በልቤ ዘጋሁት። ከሳሽ የለም፤ የተሰረቀም የለም።

እትዬ የሺዓለም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ከእድሩ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡ። «አበልጄ» አሉ፣ «የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስትሥል እኔን ዘለልከኝ።»

«የተጋረደ ዓይን አልሥልም ብዬ ነው። እስኪገለጥ ጠበቅኩሽ።»

«ይኸው ተገልጧል። ሁለቱንም አድርግልኝ።»

«አንዱ ገና ነው።»

«እሱም ይታከማላ! እምሩ የጀመረውን ብርሃኔ ይጨርሰዋል።»

«እድሩ አለ!» አሉ ጋሽ ብርሃኔ ከወዲያ፣ በዚያው በተዘጋ ድምፃቸው።

«ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ!» አለ ሚናስ፣ ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጥቶ። «ፊት ለፊት!»

«አንተ መጀመሪያ ስሥልህ የሱቅህን በር ማየት ተው» አሉት ጋሽ ዘርዓብሩክ። «ፊትህን መቼ ሰጥተኸኝ ታውቃለህ? ሁልጊዜ ደንበኛ መጣ ብለህ ወደ ጎን ነው።»

ጸሎት ወረቀትና ከሰል አመጣች። ጋሽ ዘርዓብሩክ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ወንበራቸውን ወደ እትዬ የሺዓለም አስጠጉ፣ መሣልም ከዓይኖቻቸው ጀመሩ።